መከታ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል፤ ምን መድኃኒት ልስጠው?

ሰላም ዶክተር፣

የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። መከታ የሚባል የሁለት ዓመት ተኩል ወንድ ውሻ አለን። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ማከክ አላቆመም። መዳፉን ይልሳል፣ ጆሮውን ይቧጥጣል፣ ክርኑ ላይ ፀጉሩ አልቆ ቆዳው ጠቁሯል። አንድ ባለሙያ አለርጂ ነው ብሎ መርፌ ወጋልን፤ ሦስት ሳምንት ሰላም ሆነ። ሁለተኛው መርፌ ሁለት ሳምንት ያዘው። ሦስተኛውን ከተወጋ 12 ቀኑ ነው፤ በአምስተኛው ቀን ማከኩን ጀመረ። አሁን ደግሞ ውሃ አይጠግብም፣ ሽንቱም በዝቷል። ፋርማሲ ሄጄ ሴትሪዚን የሚባል የሰው የአለርጂ ኪኒን ሰጡኝ፤ ለውጥ የለም። ጎረቤታችን የተቃጠለ ዘይት ቀቢው ይላል። አጎቴ ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን እናምጣ ይላል። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ አፖክዌል የሚባል ኪኒን ልላክልሽ አለችኝ። እሱን ብሰጠው ይድናል? ማታ ሲያክ ሰንሰለቱ ይንቋቋል፤ እኛም እንቅልፍ የለንም። እናቴ «ይሄ ውሻ ይሂድልኝ» ማለት ጀምራለች። በነገራችን ላይ ታናሽ ወንድሜም ሆዱና ክንዱ ላይ የሚያሳክክ ነገር ወጥቶበታል፤ ትንኝ ይሆናል ብለናል።

የመከታ ባለቤት፣ ከኮምቦልቻ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽዋል፤ የወንድምሽን ሽፍታ ማለቴ ነው። እሱን ባትጽፊው ኖሮ ስለ አለርጂ መድኃኒት ብቻ ነግሬሽ እንሰነባበት ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ እዚያ ላይ እንቁም።

ውሻን የሚያሳክከው ብዙ ነገር ነው። ቁንጫ አለ። እከክ አለ። የቆዳ ኢንፌክሽን አለ። ያልተስማማው ምግብ ይኖራል። ከአቧራና ከአበባ ብናኝ የሚመጣ አለርጂም አለ። ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም ያው የሚያክ ውሻ ነው። እከክ ግን ከውሻው አልፎ ያቀፈውን ሰው ያሳክከዋል። እከክን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ትንሽ ተባይ ነው። ቆዳ ውስጥ ቆፍሮ ገብቶ እንቁላሉን ይጥላል። የውሻው ዓይነት ሰው ላይ ብዙ አይቆይም። ግን ውሻ ያቀፈ ልጅ ሆዱና ክንዱ ላይ ቀያይ፣ እረፍት የሚነሳ ሽፍታ ያወጣል። የቁንጫ ንክሻ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ እግርና ቁርጭምጭሚት ላይ ታዪው ነበር።

የመከታም ክርን አለ። እከክ የጆሮ ጠርዝ፣ ክርን፣ የኋላ እግር መገጣጠሚያና የሆድ ሥር ይወዳል። አለርጂ ደግሞ ፊትን፣ የጆሮ ውስጡን፣ መዳፍን፣ ብብትንና ብሽሽትን ይወዳል። የመከታ ምልክት ከሁለቱም አለው። አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜ ስለሚጀምር ዕድሜውም ለአለርጂ የሚመች ነው። ስለዚህ አለርጂ ነው ያለሽ ሰው ከሜዳ ተነስቶ አልተናገረም። ግን ሳይመረምር ነው የወጋው። ቅር ያለኝ እሱ ነው።

ዛሬ ማታ ቤትሽ ሆነሽ ሁለት ነገር ሞክሪ። አንደኛው፣ የመከታን ጆሮ ጠርዝ በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መሐል ያዢና ለአምስት ሰከንድ ያህል እሺው። የኋላ እግሩ ራሱን እንደሚያክ አየር ላይ ከተንቀሳቀሰ እከክን በጣም ጠርጥሪ። ሁለተኛው፣ ነጭ ሶፍት ውሃ አርከፍክፊበት። ጥቅጥቅ ያለ የቅማል ማበጠሪያ ውሰጂና ከጅራቱ ሥር ወደ ጀርባው ፀጉሩን አበጥሪ። የወጣውን ጥቁር ብናኝ ሶፍቱ ላይ አራግፊው። ብናኙ ዙሪያውን ቀይ ቡናማ ሆኖ ከፈሰሰ የቁንጫ ኩስ ነው፤ የተፈጨ ደም ስለሆነ ነው የሚቀላው። እንዳለ ጥቁር ሆኖ ከቀረ አፈር ነው። አንድም ቁንጫ በዓይንሽ ሳታዪ ሶፍቱ ሊናገር ይችላል። ኮምቦልቻ ደግሞ ለቁንጫ ከደሴ ይልቅ ትመቻለች። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ስትመጪ ፊትሽን የሚመታሽ ሙቀት ለቁንጫ እንቁላልም ምቹ ነው።

ከዚያ ወደ ሐኪም። በምላጭ ቆዳውን ፋቅ አድርጎ በማይክሮስኮፕ የሚያይ፣ ጥርት ባለ ፕላስተር ቆዳውን ነክቶ ፈንገስና ባክቴሪያ የሚፈልግ ሐኪም ያስፈልግሻል። ማይክሮስኮፕ ያለው ክሊኒክ ሁሉ ይህን መሥራት ይችላል። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ፤ ደሴ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ። ውሻ ይቀበሉ እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ በፋቅታው ተባይ ካልተገኘ እከክ የለም ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ተደብቆ ያመልጣል። ስለዚህ ጥርጣሬው ካለ መድኃኒቱን ሰጥቶ ማየት የተለመደ አሠራር ነው።

እዚህ ላይ የአክስትሽ ልጅ ትጠቅምሻለች። አፖክዌሉን ለጊዜው ተይውና መጀመሪያ የቁንጫና የእከክ ኪኒን ጠይቂያት። ኔክስጋርድ በየወሩ የሚሰጥ ነው፤ ብራቬክቶ ደግሞ አንዱ ኪኒን 12 ሳምንት ድረስ ይይዛል። እነዚህ የሚታኘኩ ኪኒኖች ቁንጫን ይገድላሉ፣ የእከክ ተባይንም ይገድላሉ። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ማለት ይሄ ነው። ማዘዣ ስለሚጠይቁ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ። መከታ የሚጥል በሽታ ኖሮበት የሚያውቅ ከሆነ አትስጪው። መጠኑም በክብደት ነው። ውሻ መመዘኛ ከየት ላምጣ አትበይ፤ እህል መደብር ሄደሽ ሚዛኑ ላይ አቅፈሽው ቁሚ፣ ከዚያ ብቻሽን ቁሚ፣ ልዩነቱ የሱ ነው። ግቢው ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ ወይም ከጎረቤት ውሻ ጋር የሚተሻሽ ከሆነ ያም አብሮ ካልታከመ ድካሙ ከንቱ ነው። የሚተኛበትን ጆንያ በፈላ ውሃ እጠቢው፣ ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ባይሆን አቃጥይውና ሌላ አንጥፊለት። የቁንጫ ሙሽሬ፣ ማለትም ገና ወደ ቁንጫ እየተለወጠ ያለው፣ አፈርና ስንጥቅ ውስጥ ለሳምንታት ተሸፍኖ ይቆያል፤ ዛሬ ታክሞ በወሩ ቁንጫ ብታዪ መድኃኒቱ አልሠራም አትበይ።

አሁን ወደ ጎረቤታችሁና ወደ አጎትሽ ልምጣ። ሁለቱም ለመከታ ክፉ አያስቡም። ግን እባክሽ የተቃጠለ ዘይት እንዳይነካው። ውሻ የተቀባውን ይልሳል፣ የላሰውም ሆዱ ይገባል። ነጭ ጋዝም እንደዚያው ነው። ለከብት መዥገር የሚረጨው ዲያዚኖን ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ደሴ ስሠራ አንድ ጠዋት ሁለት ወንድማማቾች ውሻቸውን በጋቢ ጠቅልለው አመጡ። ማታ በዲያዚኖን አጥበውታል፣ በግምት በጥብጠው። ልጋጉ ጋቢውን አርሶታል። እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ዓይኑን ስገልጠው ጥቁሩ ነጥብ የመርፌ ጫፍ አክሏል። አትሮፒን ወጋነው፣ በሳሙና ደጋግመን አጠብነው፣ እስከ ማታ አብረን ተቀመጥን። ተረፈ። ትልቁ ልጅ ግን እጁን እያየ «እኔ ነኝ ያጠብኩት» ሲል የነበረው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የአይቨርሜክቲኑ ነገር ትንሽ ይለያል። መድኃኒቱ እከክን በእርግጥ ይገድላል፤ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። ችግሩ ያለው ጠርሙሱ ላይ ነው። ለከብት የሚሸጠው 1 ሚሊ ሊትሩ ለ50 ኪሎ ከብት የሚበቃ ነው። በግምት ስትስቢ በቀላሉ እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከዚያም በላይ አንዳንድ ውሾች፣ በተለይ የኮሊ ዝርያ ያለባቸው፣ መድኃኒቱን ከአንጎላቸው የሚከለክለው በር ከተፈጥሮ የተበላሸ ነው። እነሱን ትንሹም መጠን ራሳቸውን ያስታቸዋል። ስለዚህ አይቨርሜክቲን ከተባለ ሐኪም መዝኖ ይስጠው እንጂ አጎትሽ በረት ውስጥ አይውጉት።

አሁን ወደ መርፌው። የመርፌውን ስም ከባለሙያው ጠይቂና ጻፊው። ከምትነግሪኝ ሁሉ ማሳከክን ቶሎ የሚያበርደው ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ይመስላል። ሦስት ሳምንት ከያዘው ደግሞ ቶሎ ከሰውነት የማይወጣው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ጥማቱና ሽንቱ ከዚያው የመጣ መሆኑን እጠረጥራለሁ። ስለዚህ ሽንቱ በዛ ብለሽ ውሃውን እንዳታነሺበት። ጣሳው ቀንና ሌሊት ሙሉ ይሁን። ጥማቱ በሳምንታት ውስጥ ካልቀነሰ ግን ስኳርና ኩላሊቱ ይታይ።

ስቴሮይድ መጥፎ መድኃኒት አይደለም። ይሄን አጥብቄ እላለሁ፤ ብዙ ሰው አንዴ ከተጎዳ በኋላ ስሙን መስማት ስለማይፈልግ። ርካሽ ነው፣ ኮምቦልቻም ደሴም ይገኛል፣ በአንድ ቀን ውስጥ ውሻን ያስተኛል። ግን መላውን የመከላከያ ኃይል ነው የሚያለዝበው። ውሻው እከክ ካለበት ተባዩ በሰላም ይራባል። ኢንፌክሽን ካለም እንደዚያው። መርፌው ሦስት ሳምንት ይዞ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት ቀን ብቻ ሲይዝ ከሥሩ ያልተነካ ነገር አለ ማለት ነው። አራተኛ መርፌ አታስወጊ።

ተመርምሮ አለርጂ መሆኑ ቢረጋገጥ፣ በስቴሮይድ መሄድ ግድ ቢሆን እንኳ ኪኒኑ ይሻላል። ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ከምግብ ጋር ይሰጣል። የተለመደው መነሻ በኪሎ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግራም ነው። ለጥቂት ቀን ተሰጥቶ ማሳከኩ ጋብ ሲል ይቀነሳል፣ ከዚያ ቀን እየተዘለለ፣ ውሻውን ሊያስተኛ የሚችለው የመጨረሻው ትንሹ መጠን ላይ ይቆማል። የኪኒን ጥቅሙ ነገሩ በእጅሽ መሆኑ ነው። ካልተስማማው ነገ ትቀንሺዋለሽ። የተወጋ መርፌ ግን ተመልሶ አይወጣም። ለሳምንታት ከሰጠሽው በኋላ በአንድ ጊዜ አታቁሚ፤ ሰውነቱ የራሱን ስቴሮይድ መሥራት እስኪጀምር ጊዜ ይፈልጋል። አሁን ግን መርፌው ገና ውስጡ ስላለ በላዩ ላይ አትጨምሪ። ስቴሮይድ ላይ ላለ ውሻ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም የእነሱ ዓይነት የሕመም ማስታገሻ በፍጹም አይሰጥም፤ ጨጓራው ይቆስላል፣ ይደማል። እነዚህ የሰው ኪኒኖች ለብቻቸውም ቢሆን ለውሻ አደገኛ ናቸው።

አሁን አፖክዌል። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ የአክስትሽ ልጅ የምታውቀውን ነው የነገረችሽ። እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። አለርጂ ያለበት ውሻ ሰውነት ኢንተርሉኪን 31 የሚባል መልእክተኛ ይልካል። መልእክተኛው ነርቭ ጋ ደርሶ «ቆዳህን እከክ!» ይላል። አፖክዌል ነርቩ መልእክቱን እንዳይሰማ ያደርጋል። ትክክለኛ ስሙ ኦክላሲቲኒብ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በፈረንጆቹ 2013 ነው። በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፣ እንደ ስቴሮይድ ውሻውን አያስጠማውም። መጠኑ በኪሎ ከ0.4 እስከ 0.6 ሚሊ ግራም ሆኖ፣ እስከ 14 ቀን ጠዋትና ማታ፣ ከዚያ በቀን አንዴ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው፣ አለበለዚያ የተላከው ኪኒን ላይስማማ ይችላል። ኪኒኑ በ3.6፣ በ5.4 እና በ16 ሚሊ ግራም ነው የሚመጣው። መከታ 24 ኪሎ ቢሆን 16ቱ ይበዛበታል፣ ግማሹ ደግሞ ያንስበታል። የሚስማማው ሁለት ባለ 5.4 ነው። በቀን ሁለቴ ለ14 ቀን 56 ኪኒን ሆነ። ከዚያ በኋላ በቀን ሁለት። ለመጀመሪያው ወር ብቻ 88 ኪኒን ማለት ነው። ሲያልቅስ? አፖክዌል አለርጂን አይነቅልም፤ እስከተሰጠ ድረስ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ለአንድ ወር የሚሆን ልካ ካቆመች መከታ ወደ ሰንሰለቱ ይመለሳል። ሳታስጀምሪው በፊት «እስከ መቼ ትችያለሽ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂያት። ደግሞ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ቡችላ አይሰጥም። ከባድ ኢንፌክሽን ወይም የካንሰር ዕጢ ላለበት ውሻ አይሰጥም። ያልታከመ እከክ ላይ መስጠት ደግሞ የመርፌውን ስህተት በውድ ዋጋ መድገም ነው። አልፎ አልፎ ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣል፤ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ደሙ በየጊዜው ይመርመር።

ሳይቶፖይንት የሚባል መርፌም ትሰሚ ይሆናል። እሱ መልእክተኛውን መንገድ ላይ ነው የሚይዘው። አንዱ መርፌ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይሠራል፣ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋርም አይጋጭም። ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ሻንጣ ውስጥ ገብቶ፣ ቦሌ አድሮ፣ በአውቶቡስ ወሎ የሚደርስ አይደለም። እሱን ተይው። ሳይክሎስፖሪንም አለ፤ ውጤቱ እስኪታይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፣ መጀመሪያ ላይ ያስመልሳል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

ሴትሪዚኑ ብዙ አልጎዳውም፣ ብዙም አልጠቀመውም። የውሻ ማሳከክ የሚመጣው ሴትሪዚን በሚያግደው፣ ሂስታሚን በሚባለው የሰውነት ኬሚካል ብቻ አይደለም፣ ለዚህ ነው እነዚህ ኪኒኖች ደካማ የሚሆኑት። ፋርማሲ ስትሄጂ ግን ከአፍንጫ መክፈቻ ጋር የተቀላቀለ የጉንፋን ኪኒን በስህተት እንዳይሰጡሽ ተጠንቀቂ፤ ሱዶኤፌድሪን ያለበት ውሻን ሊገድል ይችላል።

መከታን ጠጋ ብለሽ አሽትቺው። ጆሮውና መዳፉ የኮመጠጠ፣ እንደ ከረመ ሊጥ የሚሸት ከሆነ ፈንገስ ሰፍሮበታል። ሆዱ ላይ ትናንሽ ብጉር ወይም ጠርዙ የተላጠ ክብ ካለ ባክቴሪያ ነው። እነዚህ ካልታከሙ የትኛውም የማሳከክ መድኃኒት ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። የክሎርሄክሲዲን ሻምፑ በሳምንት አንድ ሁለቴ ጥሩ ነው። ሚስጥሩ ግን ደቂቃው ነው። አረፋውን ቀብተሽ 10 ደቂቃ ያቆይ። አብዛኛው ሰው ወዲያው ያጥበዋል፣ ከዚያ ሻምፑው አልሠራም ይላል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ትኩስ ውሃ ማሳከኩን ያባብሰዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ የሚያክ ከሆነ ምግብ ይፈተን። ለስምንት ሳምንት ከዚህ በፊት ቀምሶት የማያውቀውን አንድ ሥጋ ብቻ ይበላል። መከታ የከብትና የበግ አጥንት ሲበላ አድጓል ብዬ እገምታለሁ። እናንተ ዘንድ ግን ጥሩ ነገር አለ፣ የሐይቅ ዓሣ። አጥንቱ ተለቅሞ የተቀቀለ ዓሣና ድንች፣ በቃ። ዓሣ ካስቸገረ ከባቲ በኩል የሚመጣ የግመል ሥጋ ይሆናል። ፍርፋሪ እንጀራ የለም፣ የልኳንዳ ትራፊ የለም፣ ወንድምሽ በድብቅ የሚጥልለት ብስኩትም የለም። አንድ ጉርሻ ስምንቱን ሳምንት ታበላሻለች። ከተሻለው በኋላ የድሮውን መልሰሽ ስጪውና እይ፤ ማከክ ከጀመረ ጥፋተኛው ተገኘ።

እናትሽን አትቆጫቸው። እንቅልፍ ያጣ ሰው እንደዚያ ይላል። እስከ ምርመራው ድረስ ጥፍሩን ቁረጪለት፣ ማታ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ መዳፉንና ሆዱን አርጥቢለት፣ ሰንሰለቱንም በገመድ ለውጪው፤ እሱም እናንተም ትንሽ ትተኛላችሁ። ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ አልጻፍሽልኝም። ካልተከተበ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ስቴሮይድ ላይ ስላለ ቀኑን እሱ ይምረጥ።

ወንድምሽን ደግሞ ነገ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። «ቤት ውስጥ የሚያክ ውሻ አለን» ማለትን እንዳትረሺ፣ ካልነገርሻቸው ሐኪሙ ስለ ውሻ ላያስብ ይችላል። መከታ እስኪታከም አብሮት አይተኛ፣ አያቅፈው። የጆሮው ፈተና ምን እንዳሳየሽና ሶፍቱ ቀይ መሆን አለመሆኑን ጻፊልኝ፤ የመርፌውንም ስም ጨምሪበት።